ምስክር የሌለው ጉርሻ

ሐበሻ ሒሳብ ሲመጣ ይጣላል። ይህን ለማየት ቅዳሜ ማታ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ወደ አንዱ ገብቶ ጥግ ይዞ መቀመጥ ይበቃል። ክትፎው ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ አስተናጋጇ ሒሳቡን ይዛ ብቅ ስትል ግብግቡ ይጀመራል። አንዱ ይነጥቃል፣ ሌላው እጁን ይይዘዋል። «በሞቴ!» «ኧረ አይሆንም፣ በእናትህ!» «ባለፈው አንተ ከፍለህ የለም እንዴ!» ወንበር ይንሸራተታል፣ ኮሌታ ይያዛል። አጠገባቸው የተቀመጡ ፈረንጆች ሹካቸውን አስቀምጠው ፖሊስ ይጠራ አይጠራ በዓይን ሲመካከሩ አይቻለሁ። ልምድ ያለው ሰው ግን አይታገልም። መሐል ላይ «መጣሁ፣ እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሳና ካርዱን ለአስተናጋጇ በስውር ሰጥቶ ይመለሳል። ሒሳብ ሲጠየቅ «ተከፍሏል» ትላለች። ጠረጴዛው ይንጫጫል። እሱ ኮርኒሱን እያየ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። በዚያች ሰዓት ከእሱ የበለጠ የረካ ሰው በዲሲና በአካባቢው አይገኝም።

ጉርሻውም ላይ እንደዚሁ ነው። ሃያ በመቶ የለመደ አገር ውስጥ ሃያ አምስት ያደርገዋል። ልጅቷ የአገር ልጅ ናት፤ ደግሞ ሰው እያየ ነው።

ይኸው ሰውዬ ማክሰኞ ማታ ብቻውን ሶፋ ላይ ተጋድሟል። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ስልኩን ከፍቶ ምግብ ያዛል። ስክሪኑ «ለሾፌሩ ጉርሻ?» ይልና ሦስት ቁጥር ይደረድርለታል። ግራ ቀኙን እንኳ አያይም፤ ማን አለና። «ሌላ» የሚለውን ነካ አድርጎ ዜሮ ይጽፋል።

ሰውዬው ስስታም ሆኖ አይደለም። ለዕድር፣ ለልቅሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ጎፈንድሚ ለተከፈተለት አይቶት ለማያውቀው ሰው ሁሉ እጁን ይፈታል። ችግሩ አፑ ላይ የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነው። ቸርነታችን የአደባባይ ቸርነት ነው፤ ምስክር ይፈልጋል። በዚህ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ፤ ግን መጀመሪያ ስልኩን ይክፈትና ያለፉትን ትዕዛዞቹን ያሳየኝ።

ምስክር ሲመጣ የሚሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ዜሮ ከተጻፈች ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስልኩ «ሾፌርዎ ምግቡን ተቀብሎ እየመጣ ነው» ይላል። ከሥሩ የሾፌሩ ስምና ፎቶ አለ። ስሙ የአገር ቤት ስም ነው። ሰውዬው ብድግ ይላል። ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያጎላ ያየዋል፤ የሆነ ሠርግ ላይ አብረው ሳይጨፍሩ አልቀሩም። ፒጃማውን ይለውጣል። ሳሎኑ ውስጥ ይንጎራደዳል። በሩ ሲንኳኳ በሁለት እጁ ከፍቶ «እንዴ! ወንድሜ! በዚህ ዝናብ? ግባ እንጂ!» ይላል፣ በዚህ ዝናብ የጠራው ሌላ ሰው ይመስል። «ቡና እናፍላ።» «ኧረ ተው፣ ሌላ ኦርደር ይዣለሁ። መኪናዋንም መንገድ ላይ ነው ያቆምኳት፣ ቲኬት ይለጥፉብኛል።» «እሺ በቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ!»

እግዜር ይስጥልኝ መልካም ቃል ነው። ግን የክፍያውን ቅብብሎሽ ልብ በሉልኝ፦ ድርጅቱ የሾፌሩን ደመወዝ ወደ ደንበኛው ይገፋል፣ ደንበኛው ወደ እግዜር ይገፋል። እግዜር ደግሞ ዳይሬክት ዲፖዚት አያደርግም።

ነገሩን ከሥሩ ያስረዱኝ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሕንጻው ውስጥ ያለ ሐበሻ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። የዲሲ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፣ ያውም ሜትር ሳይኖር፣ ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ ዋጋው በካርታ በሚሰላበት ዘመን። ዞኑ በ2008 ቀርቶ ሜትር ገባ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ኡበር ዲሲ ደረሰ። ኡበር ሲመጣ «ጉርሻ አያስፈልግም» እያለ ነበር፤ አፑ ላይ የጉርሻ ቁልፍ ያስገባው በ2017 ነው። ጋሼ ይህን ሲያስታውሱ አሁንም ይበሳጫሉ። «ታክሲ ውስጥ ሰው ሲወርድ ዓይን ለዓይን ትተያያለህ። ‹ኪፕ ዘ ቼንጅ› ይልሃል፣ እጅህ ላይ ያደርጋል፣ ታመሰግናለህ፣ አለቀ። እነዚህ መጡና ሕዝቡን ዝም ብሎ መውረድ አስለመዱት። አስለምደው ሲያበቁ ደግሞ ቁልፍ አስገቡ። የጠፋ ልማድ በቁልፍ ይመለሳል?»

ጋሼ ሰው ማመላለስ ሲሰለቻቸው ወደ ምግብ ዞሩ። ምክንያታቸውን ሲናገሩ «ምግብ አያወራም፣ አይሰክርም፣ ኋላ ወንበር ላይ አያስመልስም» ይላሉ።

አንድ ማታ አብሬያቸው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ስልካቸው ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቷል። ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የምግብ ቤቱ ስም፣ 3 ዶላር፣ 6 ማይል የሚል ወጣ። ጎኑ ላይ ሰከንዶች ወደ ታች ይቆጠራሉ። ጋሼ አልነኩትም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ይላል?»

«ሦስት ዶላር፣ ጋሼ።»

«ርቀቱስ?»

«ስድስት ማይል።»

«ጥሩ። የዚህ አገር ግብር ሰብሳቢ ለ2025 መኪና ለሥራ ሲነዳ አንድ ማይል 70 ሳንቲም ይበላል ብሏል። ቤንዚኑም፣ ጎማውም፣ ኢንሹራንሱም፣ መኪናው የሚያረጀውም ተደምሮ። ስድስት ጊዜ ሰባ ስንት ነው?»

«አራት ዶላር ከሃያ።»

«ተከፋዩ እኔ፣ ከፋዩም እኔ። ባዶዬን የምመለስበትን ገና አልቆጠርኩም። ሰውዬው በርገሩን የሚበላው በእኔ ወጪ ነው ማለት ነው። ታዲያ ቤቱ ገብቼ አብሬው ለምን አልበላም?»

ሰከንዱ አለቀና ትዕዛዙ ጠፋ። የት ሄደ? ወደ ሌላ ሾፌር። እሱም ካልፈለገው ወደ ሌላ። በርገሩ በዚህ መሐል ምግብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱ በላብ ይረጥባል። ደንበኛው ሶፋው ላይ ሆኖ «ምግቡ ቀዝቅዞ መጣ» ብሎ አንድ ኮከብ ሊሰጥ እየተዘጋጀ ነው። የምግብ ማድረሻው ድርጅት ዶርዳሽ በ2023 ዜሮ ለሚጽፉ ደንበኞች፣ ጉርሻ የሌለው ትዕዛዝ ለመድረስ ሊዘገይ ይችላል የሚል ማሳሰቢያ ማሳየት ጀምሮ ነበር። ግልጽነቱን አደንቃለሁ። ትርጉሙ ግን ምንድነው? ከመሠረቱ የሚከፈለው ገንዘብ ብቻውን ሾፌር አያስነሳም ማለት ነው። የዚህ ድርጅት መነሻ ክፍያ ከ2 ዶላር ይጀምራል። ቀሪውን የሚሞላው የእናንተ ጣት ነው። አገልግሎቱን ሳታዩ፣ ሰውየውን ሳታዩ፣ ምግቡ ከነክዳኑ ይምጣ ወይም ሾርባው ይፍሰስ ሳታውቁ አስቀድማችሁ የምትጽፉት ቁጥር ከምስጋና ይልቅ ጨረታ ነው።

ጨረታ ከሆነ ደግሞ የሚያጭበረብር አይጠፋም። አንዳንዱ አፕ ምግቡ ከደረሰ በኋላ ጉርሻውን ለመቀነስ ጊዜ ይሰጣል። ይህን ያወቀ ተንኮለኛ መጀመሪያ 20 ዶላር ይጽፋል። ሾፌሩ ሌላውን ሁሉ ጥሎ ይከንፋል። ምግቡ ትኩሱን ከደረሰ በኋላ 20 ዶላሯ ተመልሳ ዜሮ ትሆናለች። ጋሼ ላይ ደርሷል። «በታክሲ ዘመን ያልከፈለኝ አለ፣ ሮጦ ያመለጠኝም አለ። የሰጠኝን ብር ኪሴ ገብቶ መልሶ ያወጣ ግን አላጋጠመኝም ነበር» ይላሉ።

እስካሁን ደንበኛውን ሳማ ቆየሁ። ዋናው ሰውዬ ግን ደንበኛው አይደለም፤ ድርጅቱ ነው። ጥቂት ዓመት ወደኋላ ብንመለስ፣ ዜሮ የጻፈውም ሰው ሦስት ዶላር የጻፈውም ሰው ለሾፌሩ አንድ የሆኑበት ጊዜ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ድርጅቱ ለአንዱ ትዕዛዝ 7 ዶላር ታገኛለህ ብሎ ለሾፌሩ ዋስትና ሰጠው እንበል። ደንበኛው ምንም ካልሰጠ ድርጅቱ 7ቱን ይከፍላል። ደንበኛው 3 ከሰጠ ድርጅቱ 4 ብቻ ይከፍላል። ሾፌሩ በሁለቱም 7 ነው የሚያገኘው። «ለልጁ ይሁን» ብላችሁ የጻፋችኋት 3 ዶላር ለልጁ ምንም አልጨመረችለትም፤ ሳንፍራንሲስኮ ላለው ድርጅት ግን 3 ዶላር ቆጠበችለት። ዶርዳሽ ይህን አሠራር የቀየረው በ2019 ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ጩኸት ከበዛ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የዲሲው ዋና ዐቃቤ ሕግ ካርል ራሲን ከሰሰው፤ በ2020 ጉዳዩ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ፣ ከዚያ ውስጥ 1.5 ሚሊዮኑ ለሾፌሮቹ የሚከፈል። የኒውዮርኳ ሌቲሺያ ጄምስ ደግሞ በ2025 በዚሁ ጉዳይ 16.75 ሚሊዮን አስከፈለች። አማዞንም አለበት፤ ፍሌክስ በሚባለው ሥራው የሾፌሮችን ጉርሻ ለራሱ አስቀርቷል ተብሎ በ2021 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር 61.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህ ሁሉ ሚሊዮን ተጠራቅሞ የመጣው ሰዎች ሦስት ሦስት ዶላር እያሉ «ለልጁ» ካሉት ላይ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የፑልማን ድርጅት የባቡር መኝታ ክፍሎቹን እንዲያገለግሉ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን ቀጠረ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ቀሪውን ከተሳፋሪ ጉርሻ እንዲሞሉ ነው። እነዚያ ሠራተኞች በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ፤ ከፑልማን ጋር የመጀመሪያውን ውል ለመፈረም እስከ 1937 መታገል ነበረባቸው። የአስተናጋጆቹም እንደዚያው ነው። በፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው፤ ጉርሻው ተደምሮ መደበኛው ዝቅተኛ ክፍያ ላይ ካልደረሰ አሠሪው ይሙላ ይላል። 2.13 የተቆረጠችው በ1991 ነው። 1991 ማለት እኛ ዘንድ ደርግ የወደቀበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት መጣ፣ ስንት ጊዜ ገንዘብ ተቀየረ፣ እንጀራ ከስንት ወደ ስንት ገባ። 2.13 ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

የምግብ አመላላሹ ግን 2.13ም አይደርሰውም፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ተቀጣሪ አይደለም፣ «ራሱን የቻለ ነጋዴ» ነው። የራሱ አለቃ ነው ይሉታል። የራሱ አለቃ በመሆኑም አሠሪና ሠራተኛ ተካፍለው የሚከፍሉትን 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ብቻውን ይከፍላል። ጋሼ «አለቃ ነኝ አሉኝ፤ ታዲያ አለቃ ስሆን ደመወዜን እነሱ የሚቆርጡት ለምንድነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ የለኝም።

መልስ ለመስጠት የሞከረ ከተማ ግን አለ። ኒውዮርክ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ የሚያደርሱት፣ በብዛት ከላቲን አሜሪካና ከአፍሪካ የመጡ ስደተኞች፣ ተደራጅተው ከተማዋን አስጨነቋት። ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ሽንት ቤት ነበር። አዎ፣ ሽንት ቤት። ከምግብ ቤት ምግብ ተቀብለው እየወጡ በዚያው ምግብ ቤት ሽንት ቤት ግን «ለደንበኛ ብቻ ነው» ይባሉ ነበር። በ2021 በወጣ ሕግ ተፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት የሰዓት ክፍያ እንዲወሰንላቸው ሌላ ሕግ ወጣ፤ ድርጅቶቹ ፍርድ ቤት ወስደው ካጓተቱት በኋላ በ2023 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። በሰዓት 17.96 ዶላር ተጀምሮ በሚያዝያ 2025 ላይ 21.44 ደረሰ፤ ጉርሻ ሳይቆጠር።

ድርጅቶቹ ምን አደረጉ? ደመወዙ ሲጨምርባቸው የጉርሻውን ቁልፍ ከማዘዣው ገጽ ላይ አንስተው ምግቡ ከደረሰ በኋላ ወደሚመጣው ገጽ ወሰዱት። ምግብ አፉ ውስጥ የገባ ሰው ስልክ እንደማይከፍት ያውቃሉ። ሲያትል በ2024 መጀመሪያ ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ ስታውል ደግሞ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ላይ 4.99 ዶላር ጨምረው «የከተማው ሕግ ያመጣው ነው» አሉ። ትዕዛዝ ቀነሰብን ብለው ያማረሩ ሾፌሮችም ነበሩ፤ እሱን መደበቅ አያስፈልግም። ያም ሆኖ የእኔ ፍርድ ከኒውዮርክ ጋር ነው። አንድ ሳህን ፓድ ታይ ስድስት ማይል ተጉዞ እኔ ዘንድ ለመድረስ ሽማግሌው ጋሼ ከኪሳቸው መክፈል ካለባቸው፣ ያ ፓድ ታይ ዋጋው ከጅምሩ ውሸት ነው። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ። ካልቻልኩ ሽሮዬን እሠራለሁ።

አገር ቤትም ነገሩ እየተለወጠ ነው። እኅቴ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ሕንጻው ሊፍት የለውም። ምግብ ስታዝ አመላላሹ ልጅ ሞተሩን ግቢ አቁሞ፣ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ደረጃውን እየቆጠረ ይወጣል። በጥሬ ገንዘብ ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። ሒሳቡ 460 ብር ከሆነ 500 ትሰጥና «መልሱን ያዝ» ትለዋለች። መልሱን ያዝ ማለት ክብር ነው፤ ሰጪውም አይኩራራም፣ ተቀባዩም አይሸማቀቅም። በ2021 በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ቴሌብር መጣ። አሁን ሒሳቡ በሳንቲሙ ልክ ይላካል፤ መልስ የሚባል ነገር የለም። በቪዲዮ እያወራን አንዱ መጣና እዚያው ሆኜ አየሁት። ስልኳን ነካ ነካ አደረገች፣ የእሱ ስልክ ጮኸ፣ «ገብቷል» አለ። ከዚያ ሁለቱም ለአፍታ ዝም ብለው ቆሙ። እሱ ለመሄድ አልቸኮለም፣ እሷም በሩን ለመዝጋት አልደፈረችም። በመጨረሻ «ውኃ ልስጥህ?» አለችው። ጠጣ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ መልሶ ወረደ።

አመለ ሸጋ ልጅ ነው። ግን ውኃ የቤት ኪራይ አይከፍልም። እዚያም ቢሆን የግሉን ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚቆርጥ ሕግ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም በአንድ አንቀጽ ጠቅሷል፤ ወለሉ ግን አዋጁ ከወጣ ከዓመታት በኋላም አልተቆረጠም። ስለዚህ ልጁ የሚኖረው በአድራሻው ብዛት፣ በደረጃው ቁመትና በደንበኞቹ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ ሰው ሲያይ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሕጉ እስኪመጣ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ብትችሉ ጉርሻውን በጥሬ ገንዘብ የሾፌሩ እጅ ላይ አድርጉለት፤ በእጅ የተሰጠውን አፕ መልሶ አይወስደውም። ሾፌሩ የአገር ልጅ ሆኖ ሲመጣ ቡና ጠጣ እያላችሁ አታቁሙት፤ ሰዓቱ ይቆጥርበታል፣ መኪናው ላይም ቲኬት ይለጠፋል። ሊፍት የሌለው ሕንጻ ላይ የምትኖሩ ወደ ታች ውረዱ። ዜሮ መጻፍ ካማራችሁ ደግሞ ጃኬታችሁን ልበሱና ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጡት። ፒክአፕ የሚል ቁልፍ አፑ ላይ አለ፤ የማድረሻ ክፍያ የለበትም።